ስሕተት የነበረው ድምፅ፦ የጊታር ኦቨርድራይቭ ፔዳል አመጣጥና የቤት ውስጥ ሠሪዎች ድርሻ

የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ የድምፅ መሐንዲሶች ዋነኛ ዓላማ አንድ ነበር። ይኸውም ወደ ማጉያው የገባው ድምፅ መጠኑ ብቻ ጨምሮ፣ ጠባዩ ሳይለወጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከዚህ ያፈነገጠ ሁሉ «መዛባት» ተብሎ በመቶኛ ይለካል፤ በመሣሪያው መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን የሠሪው ክብር ይጨምራል። ሊ ደ ፎረስት በ1906 ኦዲዮን የተባለውን ቲዩብ ካስተዋወቀ ወዲህ በዚህ መስክ የፈሰሰው ዕውቀትና ገንዘብ በአብዛኛው ይህን ቁጥር ለመቀነስ የዋለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሰፊ ጥረት መካከል ግን አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች መሐንዲሱ ሊያስወግደው የደከመበትን መዛባት ወደዱት፤ ፈለጉት፤ በመጨረሻም በእግር በሚረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ እንዲሸጥላቸው ጠየቁ። የዚህ ሳጥን ታሪክ ለባለሙያ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአንድ መሣሪያ ሥራ ትክክል ነው ወይስ ብልሹ ነው ብሎ የሚፈርደው መለኪያው ነው ወይስ ተጠቃሚው? የሠሪው ዕውቀትስ የፋብሪካው ምስጢር ሆኖ ይቀራል ወይስ የሙያው ሁሉ ሀብት ይሆናል? ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይከተላል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዛባት ምንድን ነው?

አንድ ማጉያ ሊያወጣው የሚችለው ቮልቴጅ ወሰን አለው፤ ወሰኑንም የሚያበጅለት የኃይል ምንጩ ነው። የሚገባው ሲግናል እየበረታ ሄዶ ማጉያው ከወሰኑ በላይ እንዲያወጣ ሲገደድ፣ ሾጥጦ መውጣት የነበረበት የሞገዱ ጫፍ እንደ አምባ አናቱ ይደለደላል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ፣ የእርሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትና አምስት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ንዑሳን ድምፆች ይወለዳሉ። እነዚህም በሙያው ቋንቋ ሐርሞኒክ ይባላሉ። የሞገዱ ላይኛና ታችኛ ጫፍ እኩል ሲቆረጡ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሐርሞኒኮች፣ ማለትም ሦስተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው ይጨመራሉ፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው አብልጦ ሲቆረጥ ግን ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውም አብረው ይመጣሉ። አቆራረጡ ድንገተኛ ከሆነ ድምፁ ይሻክራል፤ ቀስ እያለ የሚጎብጥ ከሆነ ደግሞ ይለሰልሳል። የቲዩብ ማጉያ በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደው በዚህ ሁለተኛ ጠባዩ ነው።

ሁለት ድምፆች ባንድነት ወደ ተገፋ ማጉያ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሠታል። ለምሳሌ 220 ኸርትዝ እና 330 ኸርትዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች አብረው ቢገቡ፣ ድምራቸው 550 እና ልዩነታቸው 110 ኸርትዝ የሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይወጣሉ። 110 የ220 እኩሌታ ስለሆነ ጆሮ ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ የተጨመረ ያህል ይሰማዋል፤ ውጤቱም ኃይለኛና የተስማማ ነው። ሌሎች የተወሳሰቡ ቅንብሮች ግን በዚሁ መንገድ ሲያልፉ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ብዙ ድምፆች ስለሚወልዱ ይደፈርሳሉ። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ሁለት ክሮችን ብቻ በዚህ ርቀት አጣምረው መምታት ያዘወተሩት ያለምክንያት አልነበረም፤ የፊዚክሱ ሕግ የሙዚቃውን አጻጻፍ መርቶታል።

ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር ግን የኤሌክትሪክ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በገና ነው። ከአሥሩ አውታሮች እያንዳንዱ በድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይደረግለታል፤ አውታሩ በተመታ ቁጥር ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የታወቀ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። ቆዳው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን በገና መሆኑ ይቀራል። በገና ደርዳሪው ቆዳውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያደረገ የሚያስተካክለው ነገር፣ የጊታር ተጫዋቹ ከብዙ ዘመን በኋላ በፔዳል ላይ ባለ ቁልፍ ሊያስተካክለው ከፈለገው ነገር ብዙ የራቀ አይደለም።

የተሰበሩ ማጉያዎች ዘመን

የኤሌክትሪክ ጊታር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጆርጅ ቦሻምፕና በአዶልፍ ሪከንባከር አማካይነት ለገበያ ሲቀርብ፣ የተፈለገው ከሌሎች የሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል እንዲሰማ ብቻ ነበር። የዚያ ዘመን ማጉያዎች አነስተኛ ኃይል ስለነበራቸው፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ ተጫዋች ሳይወድ መዛባትን ያገኝ ነበር። መጥላቱ ቀርቶ መውደድ የጀመረበትን ቀን ለይቶ መናገር አይቻልም፤ የታወቁ ምልክቶች ግን አሉ።

በማርች 1951 የአይክ ተርነር ጓድ «ሮኬት 88» የተባለውን ዘፈን ለመቅዳት ከሚሲሲፒ ወደ ሜምፊስ ወደ ሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ሄደ። የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት ማጉያ በጉዞ ላይ ተጎድቶ ስለነበር እስፒከሩ ይንቀጫቀጭ ነበር። ፊሊፕስ ቀረጻውን አላስተላለፈም፤ ወረቀት ጠቅጥቆበት በዚያው ድምፅ ቀዳው። በ1958 ሊንክ ሬይ «ረምብል» ለተባለው ሥራው የእስፒከሩን ኮን በእርሳስ እንደበሳ ይነገራል። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ጓድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የአንድ ትንሽ ማጉያ እስፒከር በምላጭ ቀድዶ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» ለተባለው ዘፈን ተጠቀመበት።

እነዚህ ድርጊቶች የሚያመለክቱት ፍላጎቱ መኖሩን፣ መሣሪያው ግን አለመኖሩን ነው። የተቀደደ ወረቀት ደግሞ ሊደገም አይችልም፤ ዛሬ የሰጠውን ድምፅ ነገ ላይሰጥ ይችላል፤ በመድረክ ላይም ለአንድ ዜማ አስገብቶ ለሌላው ማውጣት የማይቻል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከሙዚቀኛው እጅ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ መሻገሩ የማይቀር ነበር።

የናሽቪሉ ብልሽት

መሻገሪያው ናሽቪል ሆነ። ዘፋኙ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» የተባለውን ዘፈን በብራድሊ ስቱዲዮ ሲቀዳ፣ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወትበት ባለ ስድስት ክር ቤዝ የሚያልፍበት የመቀላቀያው አንድ መስመር ተበላሸ። ከመስመሩ የወጣው ድምፅ ጭራሽ ቤዝ የማይመስል፣ እንደ ትልቅ ንብ የሚያጉረመርም ነበር። ብልሽቱ ታውቆ ሳለ ቀረጻው እንዳለ እንዲቀር ተወሰነ፤ ዘፈኑም በ1961 በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ዝርዝር አንደኛ ወጣ።

የስቱዲዮው የድምፅ መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ለሙያው ትምህርት ነው። የተበላሸ ክፍል ይጠገናል ወይም ይጣላል፤ የተለመደው አሠራር ይኸው ነው። ስኖዲ ግን ሌሎች ሙዚቀኞች ያንኑ ድምፅ ሲጠይቁ ብልሽቱን ራሱን እንደ አንድ ውጤት ቈጥሮ፣ ይህን ውጤት በአስተማማኝ መንገድ ሊሰጥ የሚችል ሰርኪዩት ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀ። ከሬቪስ ሆብስ ጋር ሆኖም ሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ያሉት፣ በሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች የሚሠራ መሣሪያ ነደፈ። ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈበት ከዲሴምበር 1947 ገና አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የጊብሰን ኩባንያ ንድፉን ወስዶ በ1962 «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ ፓተንቱም በ1965 ተሰጠ።

ኩባንያው መሣሪያውን ሲያስተዋውቅ ጊታርን እንደ ትራምፔት፣ እንደ ትሮምቦንና እንደ ቼሎ ያደርጋል ብሎ ነበር። በሌላ አነጋገር ሠሪዎቹ ራሳቸው የሠሩት ነገር ምን እንደሆነ ገና አልተረዱም ነበር ማለት ነው። ገበያውም ቀዘቀዘ። በ1965 ግን የሮሊንግ ስቶንስ ጓድ ጊታር ተጫዋች ኪዝ ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተባለው ዘፈን መክፈቻ ላይ በዚሁ መሣሪያ ተጫወተ። እሱም ቢሆን ያሰበው የነፋስ መሣሪያዎች ወደፊት የሚተኩትን ዜማ ለምልክት ያህል ለማስቀመጥ ነበር። ዘፈኑ እንዳለ ወጣ፤ ዓለምን አዳረሰ፤ በየመደብሩ የተከማቸውም መሣሪያ ተሸጦ አለቀ።

የጀርማኒየም ጠባይና የአስተካካዮች መነሣት

ከዚያ በኋላ ለንደን ቀዳሚውን ስፍራ ያዘች። ጋሪ ኸርስት በ1965 «ቶን ቤንደር» የተባለውን ሠራ፤ በ1966 ደግሞ የአይቨር አርቢተር ድርጅት ክብ ቅርጽ ያለውን «ፈዝ ፌስ» አወጣ። የኋለኛው ከሁለት ትራንዚስተሮች፣ ከጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች በቀር ሌላ የሌለው እጅግ ቀላል ሰርኪዩት ነው። ቀላልነቱ ግን አታላይ ነበር። የጀርማኒየም ትራንዚስተር ከአንዱ ወደ ሌላው የማጉላት ኃይሉ ይለያያል፤ ሳይፈለግ የሚያፈስሰው ከረንትም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ግሩም፣ ሌላው ከንቱ ሊሆን ይችል ነበር፤ በቀዝቃዛ ክፍል ያማረውም በመድረክ መብራት ሥር ሊበላሽ ይችላል።

መሣሪያን ከፍቶ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። የዚህ ሙያ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ሮጀር ሜየር ነው። ሜየር በብሪታንያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት በድምፅና በንዝረት ምርምር ላይ የሠራ ሰው ሲሆን፣ በ1967 ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር ከተዋወቀ በኋላ መሣሪያዎቹን ይሠራለትና ያስተካክልለት ነበር። ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ከፍ የሚያደርገው «ኦክታቪያ» በዚያው ዓመት በ«ፐርፕል ሄዝ» ተሰማ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሙዚቀኛውና መሐንዲሱ በፋብሪካ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት ተገናኝተው መሥራታቸው ነው።

ተመሳሳይ ምሳሌ በኩዊን ጓድ ይገኛል። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ኤሌክትሮኒክስ በለንደን ቼልሲ ኮሌጅ ያጠና ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጥሎ ካገኘው የሰርኪዩት ሰሌዳ ትንሽ ማጉያ ሠራ፤ ጓደኛው ብራያን ሜይም ከአባቱ ጋር በእጁ የሠራውን ጊታር በዚህ ማጉያ እያሳለፈ በበርካታ ቀረጻዎች ተጠቀመበት። የሰሌዳው ምንጭ ተራ የእጅ ሬዲዮ ነበር።

የጃፓን ንድፍ

በ1970ዎቹ የተቀናጁ ሰርኪዩቶች ረክሰው በመገኘታቸው የንድፉ አቅጣጫ ተለወጠ። ጥረቱ ድምፁን ፈጽሞ ማሻከር ሳይሆን፣ እስከ ወሰኑ የተገፋ የቲዩብ ማጉያን ለስላሳ ጠባይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ መምሰል ሆነ። «ኦቨርድራይቭ» የሚለው ስም ከ«ፈዝ» የተለየውም በዚህ ነው። የሮላንድ ኩባንያ ክፍል የሆነው ቦስ በ1977 «ኦዲ 1» የተባለውን አወጣ። በ1979 ደግሞ ኒሺን ኦንፓ የተባለው የጃፓን ድርጅት በሱሱሙ ታሙራ ንድፍ የሠራው «ቲዩብ ስክሪመር 808» በአይባኔዝ ስም ወጣ። ቤት ውስጥ ከሚሠሩትና ከሚሻሻሉት ፔዳሎች ሁሉ ዋነኛ አብነት የሆነው ይህ ነው።

አሠራሩ ለባለሙያ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከጊታሩ የመጣው ሲግናል በአንድ ትራንዚስተር አልፎ ወደ ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር ይገባል። በአምፕሊፋየሩ የመመለሻ መስመር ላይ 51 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 500 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተከታትለው አሉ፤ ወደ መሬት በሚወርደው መስመር ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር። ስለዚህ የማጉላት ኃይሉ ቁልፉ ሲቀነስ ወደ 12፣ ሲጨመር ወደ 118 እጥፍ ነው። በመመለሻው መስመር ላይ ፊትና ኋላ ተዛዙረው የተገጠሙ ሁለት የሲሊኮን ዳዮዶች አሉ። በእነርሱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከግማሽ ቮልት ጥቂት ሲያልፍ መምራት ይጀምሩና ማጉላቱን ይገቱታል። ሆኖም በዚህ አገጣጠም የመጀመሪያው ሲግናል ከተቆረጠው ላይ ተደምሮ ስለሚወጣ፣ የሞገዱ አናት ፈጽሞ አይደለደልም፤ የተጫዋቹ የጣት አመታት ልዩነትም ሳይጠፋ ይሰማል።

ከላይ የተጠቀሱት 4.7 ኪሎ ኦምና 0.047 ማይክሮ ፋራድ ሌላም ሥራ አላቸው። ከ720 ኸርትዝ በታች ያለው ድምፅ እየወረደ በሄደ መጠን የሚያገኘው ማጉላት ይቀንሳል፤ ወፍራሙ ክር ብዙም ሳይዛባ ስለሚያልፍ ድምፁ አይደፈርስም። ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ደግሞ የላይኛውን ሹል ድምፅ ያለዝባል። ውጤቱ መካከለኛውን የድምፅ ክልል የሚያጎላ ነው፤ ይህ ክልል ጊታር ከቤዝና ከከበሮ መካከል ተለይቶ የሚሰማበት በመሆኑ፣ እንደ ስቲቪ ሬይ ቮን ያሉ ተጫዋቾች በ1980ዎቹ ፔዳሉን የሙጥኝ ብለው ያዙት።

የቤት ውስጥ ሠሪዎች

የጊታር ፔዳል በቤት ውስጥ ለመሥራት የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። የቲዩብ ማጉያ በውስጡ ሰው ሊገድል የሚችል ብዙ መቶ ቮልት ይይዛል፤ ፔዳል ግን በባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል። ጀማሪ ቢሳሳት የሚያጣው አንድ ትራንዚስተር ነው። በተጨማሪም ውጤቱን ለመመርመር ውድ መለኪያ አያስፈልግም፤ ጊታርና ጆሮ ይበቃሉ። ክሬግ አንደርተን በ1975 ያወጣው «ኤሌክትሮኒክ ፕሮጀክትስ ፎር ሚዩዚሺያንስ» የተባለው መጽሐፍ ይህን ተረድቶ የተጻፈ ነው፤ ሬዚስተርን ከካፓሲተር መለየት ለማይችል ሙዚቀኛ ብየዳን ጭምር ያስተምራል። አንደርተን ለዲጂታል ሥራ የተሠራውን 4049 ቺፕ እንደ ማጉያ አድርጎ በመጠቀም ለስላሳ መዛባት ማግኘት እንደሚቻልም አሳይቷል። ቺፑን የነደፉት ሰዎች ይህን አገልግሎት ፈጽሞ አላሰቡትም ነበር።

የ808 መሠራት ቆሞ በ«ቲኤስ 9» ከተተካ በኋላ፣ የቀድሞው ፔዳል ዋጋ በአሮጌ ዕቃ ገበያ እጅግ ናረ። አዋቂዎች ሁለቱን ከፍተው ሲያነጻጽሩ ግን ልዩነቱ በዋነኛነት በመውጫው ላይ ያሉ ሁለት ሬዚስተሮች ሆኖ ተገኘ። በ808 ላይ 100 ኦምና 10 ኪሎ ኦም፣ በ«ቲኤስ 9» ላይ ደግሞ 470 ኦምና 100 ኪሎ ኦም ናቸው። እነዚህን መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ብየዳ ነው። ከዚህ የተነሣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አዲሱን ወደ አሮጌው የመመለስ ሥራ የብዙ ትንንሽ ወርክሾፖች መተዳደሪያ ሆነ።

ሌሎቹ ማሻሻያዎችም የሰርኪዩቱን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ምስጢር አይደሉም። የ0.047ቱ ካፓሲተር በ0.1 ማይክሮ ፋራድ ቢተካ ወሰኑ ከ720 ወደ 339 ኸርትዝ ገደማ ይወርዳል፤ ወፍራሙ ድምፅም አብሮ ይዛባል። የሲሊኮኑ ዳዮድ በጀርማኒየም ቢለወጥ መቆረጡ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ በቀይ የብርሃን ዳዮድ ቢለወጥ ደግሞ ወሰኑ ከአንድ ቮልት ተኩል በላይ ስለሚሆን ድምፁ ይጨምራል፣ መታመቁም ይቀንሳል። በአንደኛው በኩል ሦስተኛ ዳዮድ ቢጨመር አቆራረጡ እኩል መሆኑ ይቀርና ተጋማሽ ሐርሞኒኮች ይገባሉ። እያንዳንዱ ለውጥ ከጥቂት ሳንቲሞች የማይበልጥ ዋጋ ያለው ሲሆን፣ ሊሰማም ሊሰላም ይችላል።

በአንጻሩ ገበያው ስሌት የማይደግፋቸውን እምነቶችም ወለደ። 4558 የተባለው ቺፕ ለብዙ ተራ የድምፅ ዕቃዎች የተሠራ ርካሽ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ የድሮዎቹ ቅጂዎች እንደ ዕንቁ ይፈለጉ ጀመር። ሰርኪዩቱን ለመረመረ ግን የድምፁን ጠባይ አብልጠው የሚወስኑት ዳዮዶቹ፣ ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ መሆናቸው ይታያል። አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ ሰሌዳቸውን በጥቁር ሙጫ ደፍነው ይሸጡ ነበር። ምክንያታቸው ሊገባ ይችላል፤ በድካም የተገኘ ንድፍ በቀላሉ ሲቀዳ ማየት ይጎዳል። ይሁን እንጂ የተደፈነ ሳጥን ሲበላሽ የሚጠግነው የለም፤ ሠሪው ሲሞት ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። በአንጻሩ የ808 ንድፍ እያንዳንዱ ዋጋ ተመዝግቦ በሰው እጅ ስለገባ፣ ማንኛውም ትጉህ ተማሪ ሊሠራው፣ ሊጠግነውና ሊያሻሽለው ችሏል፤ የመጀመሪያው አምራችም በስሙ ከመሸጥ አላገደውም፤ 808ን በ2004 እንደገና ለገበያ አቅርቦታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ግንዛቤ መለኪያን መናቅ አይደለም። ጆሮ የወደደውን ነገር ምክንያት አውቆ ደግሞ ለመሥራት ያስቻለው መለኪያና ስሌት ነው፤ የተቀደደው እስፒከር ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላው ያልተላለፈውም ቁጥር ስላልነበረው ነው። ነገር ግን ስኖዲ የተበላሸውን መስመር ጠግኖ ብቻ ቢተወው ኖሮ ስሌቱ የሚጀምርበት ነገር ባልተገኘ ነበር። ባለሙያው ብልሽትን ሲያገኝ ሁለት ግዴታ አለበት፦ አስፈላጊ ሲሆን ማስወገድ፣ ከማስወገዱ በፊት ግን ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቆ መዝግቦ ማስቀመጥ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይማረዋል። ሁለተኛው ግን ዛሬም በእያንዳንዱ የጥገና ጠረጴዛ ላይ በባለሙያው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።